ዘይቱ የት ገባ?

ሌባ ነህ ብሎ ፊት ለፊት የነገረኝ ሰው የለም። ቢኖር ኖሮ ተሟግቼ፣ ጮኼ፣ ካስፈለገም ተጣልቼ ይወጣልኝ ነበር። እኔን የገጠመኝ ሳይባል የሚታሰብ ሌብነት ነው። እንዲህ ያለውን ነገር የቀመሰ ሰው ያውቀዋል፤ ከሥራ በላይ ያደክማል። ማታ ትተኛለህ፣ ጧት ግን ደክሞህ ትነሳለህ።

ያን ጊዜ ከሆሳዕና ዱራሜ በአንዲት ያረጀች ዶልፊን ሚኒባስ ሰው አመላልስ ነበር። መኪናዋ የእኔ አልነበረችም፤ የሚስቴ የመሠረት አባት የጋሽ ሀንዲሶ ናት። ጋሽ ሀንዲሶ ዕድሜያቸውን መሪ ላይ የጨረሱ ሰው ናቸው። መጀመሪያ በከባድ መኪና አገር ካገር ዞሩ፤ ሲደክማቸው ይህችን ዶልፊን ገዝተው በአካባቢያችን ሠሩባት፤ በመጨረሻ ዓይናቸው እምቢ ሲል ሐኪም መንዳት ከለከላቸውና ግቢ ውስጥ አቆሟት። ዶሮዎች ጣሪያዋ ላይ ማደር ጀምረው ነበር። እኔ ደግሞ አዲስ አበባ የምሠራበት ግንባታ ቆሞ ባዶ እጄን የተመለስኩበት ወቅት ነው። ጋሽ ሀንዲሶ ቁልፉን ሰጡኝ። ከቁልፉ ጋር ከዋናው ቤት ጀርባ ያለችውን ሰርቪስ ቤት ሰጡን፤ መሠረት የልብስ መስፊያዋን እዚያ ተከለች። የምተኛበት የእሳቸው፣ የምነዳው የእሳቸው፣ ያገባኋት የእሳቸው ልጅ። ክፉ ሰው ናቸው እያልኩ እንዳይመስላችሁ። ግን የሰው ግቢ ውስጥ የኖረ ሰው ሲያስነጥስ እንኳ አካባቢውን አይቶ ነው።

ችግሩ ዘይት ነበር። መኪናዋ የሞተር ዘይት ትጨርሳለች። ማታ ማታ ሥራ ጨርሼ ስገባ ጋሽ ሀንዲሶ ከቤት ይወጣሉ። የዶልፊን ሞተር ያለው ከፊት ወንበሮቹ ሥር ስለሆነ ወንበሩን ያነሳሉ፤ የዘይት መለኪያዋን ዘንግ ይመዛሉ፣ በጨርቅ ይጠርጋሉ፣ መልሰው ይከታሉ፣ እንደገና ይመዙና ዓይናቸው ሥር አስጠግተው ያያሉ።

“ማርቆስ፣ ዘይቱ የት ገባ?”

“እንጃ አባባ። ታቃጥለው ይሆናል።”

“ብታቃጥልማ ታጨስ ነበር። እስቲ አስነሳት።”

አስነሳታለሁ። ቆማ ስትሠራ አታጨስም። ሰው ሞልቼ የአንጋጫን ዳገት ስወጣ ግን በመስታወት ከኋላዬ ሰማያዊ ጭስ አያለሁ። ስነግራቸው “የናፍጣው ጥራት ነው” ይሉኛል። ይፈስስ እንደሆነ ብለው ማታ ከሥሯ ካርቶን ያነጥፋሉ፤ ጧት ካርቶኑ ደረቅ ነው። እንግዲህ አስቡት። በእሳቸው ዓይን አልፈሰሰም፣ አልጨሰም፣ ግን የለም።

የባሰው መለኪያዋ ነች። ጧት ስወጣ ተጭኜ አስገባታለሁ። ማታ ስንከፍት ከቦታዋ ከፍ ብላ ትገኛለች፤ ዙሪያዋም በዘይት ወዝቷል። ጋሽ ሀንዲሶ ጣታቸውን በዚያ ርጥበት ላይ ያስኬዱና ያዩኛል።

“ይቺን ማን ነካት?”

“ማንም አልነካትም።”

“እሺ” ይላሉ። እሺታቸው ነበር የሚገድለኝ። ጀርባቸውን አዙረው በዝግታ ወደ ቤት ይገባሉ።

ስለዚህ ምን አደረግሁ? ከቀኑ ገቢ ከሚደርሰኝ ድርሻ ዘይት ገዝቼ፣ ቀን ዱራሜ ላይ እየጨመርኩ፣ ማታ ጎደለ የሚል ነገር እንዳይሰማ ማድረግ ጀመርኩ። የተረፈውን በቢጫ ጀሪካን አድርጌ ከልብስ መስፊያው ጀርባ አስቀምጣለሁ። ሰላም የገዛሁ መስሎኝ ነበር፤ መለኪያዋ ግን ማታ ማታ ከፍ ብላ መገኘቷን አልተወችም።

ከዚያ አንድ እሁድ መጣ። እሁድ ከሰዓት በኋላ በእነ ጋሽ ሀንዲሶ ቤት የቤት ለቤት ጸሎት አለ። ጎረቤትና ዘመድ ተሰብስቦ ይዘመራል፣ ቃል ይነበባል፣ የጸሎት ርዕስ ይሰጣል። በእኛ አካባቢ ያደገ ይህን ያውቃል፤ ፊት ለፊት ሊነገር የከበደ ነገር በጸሎት ይነገራል። ልጅህ እንደሚጠጣ ጎረቤትህ ካወቀ አይነግርህም፤ አጠገብህ ተንበርክኮ ስለ ወጣቶች ይጸልያል። አንተም አሜን ትላለህ።

የዚያን ቀን ጸሎቱን የያዙት እትዬ ጸዳለ ነበሩ፤ የመሠረት እናት። እትዬ ጸዳለ ሁልጊዜ የሚጸልዩት በሀዲይኛ ነው። እኔ የአንጋጫ ልጅ ነኝ፤ አፌን የፈታሁት በከምባትኛ ነው፤ ሀዲይኛ እሰማለሁ ግን ሲፈጥን ያመልጠኛል። ያን ቀን በአማርኛ ጀመሩ። ወዲያው ገባኝ። ጌታ ሀዲይኛ አያጣውም፤ በአማርኛ የሆነው ለእኔ ነው።

“ጌታ ሆይ” አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፤ “ከዚህ ቤት እየተንጠባጠበ የሚወጣውን በረከት አንተ ታያለህ። በስውር የሚወስደውን እጅ ግለጥ! አብሮን እየበላ፣ አብሮን እየጸለየ የሚያጎድለውን አንተ ልቡን ስበረው!”

“አሜን!” አለ ቤቱ በሙሉ።

እኔም አሜን አልኩ። ምን ልበል? ዝም ብል “አሜን ያላለ እሱ ነው” ሊባል ነው። ዓይኔን ገለጥ ሳደርግ የሰዉ ዓይን ገለጥ ገለጥ ብሎ እኔ ላይ ነበር፤ ሳየው ሁሉም ተከደነ። ከጎኔ የተንበረከከችው መሠረት ብቻ ዓይኗን ጥብቅ አድርጋ ጨፍናለች። እንዳታየኝ የጨፈነች መሰለኝ፤ እሱ ነው የጎዳኝ።

ጸሎቱ አልቆ ሰው ወንበር ወንበሩን ሲይዝ፣ እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ ቆሜ ተናገርኩ።

“አባባ፣ ነገ አብረውኝ ይዋሉ። ከመነሻ እስከ መመለሻ ከመኪናዋ አይለዩ።”

በእኛ ዘንድ አማች አማቱን በሰው ፊት እንዲህ አይጋብዝም። ጋሽ ሀንዲሶ ከዘራቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ።

“እውላለሁ” አሉ።

በማግስቱ ገና ሲነጋጋ ጫማዬን እያሰርኩ ሳለ መሠረት ቢጫውን ጀሪካን ይዛ ፊቴ ቆመች።

“ይሄ ምንድነው?”

“ዘይት ነው። ስትጎድል የምጨምርላት።”

“ከየት አመጣኸው?”

“ገዝቼ ነዋ መሲ።”

ጀሪካኑን ትንሽ ነቀነቀችው። ከዚያ ቀስ ብላ፣ እንደ አፈረች ሆና፣ “ደረሰኝ አለህ?” አለችኝ።

ለሚስት ደረሰኝ የሚያሳይ ባል አይታችሁ ታውቃላችሁ? ቢኖረኝ አሳያት ነበር፤ እውነቴን ነው። ከመንገድ ዳር ሱቅ የተገዛ ዘይት ደረሰኝ የለውም። “የለኝም” ብያት ወጣሁ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ጉዳዩ የእኔና የአማቶቼ ነበር። ከዚያ በኋላ ቤቱም፣ ሥራውም፣ የሰፈሩ አሜንም ደንታ አልሰጠኝም፤ መሠረት ታምነኛለች ወይስ አታምነኝም የሚለው ብቻ ቀረ። በዚህ ቤት ውስጥ ተጠርጥሬ መኖር እችል ይሆናል፤ በእሷ ተጠርጥሬ ግን መኖር እንደማልችል እዚያው በሩ ላይ አወቅሁት።

ጋሽ ሀንዲሶ የክት ኮታቸውን ለብሰው ግቢው መሐል ቆመው ጠበቁኝ። ዘይቱን በገዛ እጃቸው እስከ ምልክቱ ሞሉ። መለኪያዋን ተጭነው አስገቡ። ከዚያ ከጓሮው ጥግ ከተሰቀለው ቃጫ አንድ ጭብጥ መዘዙ። ቃጫ ከእንሰቱ የሚወጣው ክር ነው፤ ከእኛ ግቢ አይጠፋም። ጭናቸው ላይ በመዳፋቸው ያሹት ጀመር። ጋሽ ሀንዲሶ ግራኝ ናቸው፤ እሳቸው የፈተሉት ገመድ ሌላው ሰው ከሚፈትለው በተቃራኒው ይዞራል፤ ግቢው ውስጥ ያለ ገመድ ሁሉ እንዲያ ነው። በፈተሉት ገመድ የወንበሩን መክፈቻ አስረው ደርበው ቋጠሩትና እላዩ ላይ ተቀመጡ።

“ሂድ” አሉኝ።

ከዚያ ወዲያ ያለው ቀን ረጅም ነበር። ተሳፋሪው ሁሉ ያውቃቸዋል። “ጋሽ ሀንዲሶ! ዛሬ ደግሞ በሰላም ነው?” ይላቸዋል። “በሰላም ነው፣ ነፋስ ልቀበል ነው” ይላሉ። ዱራሜ መናኸሪያ ደርሰን ሰው ሲወርድ እሳቸው አልወረዱም። የድሮ የሥራ ጓደኛቸው መጥቶ ምሳ እንብላ ቢላቸው “እዚሁ አምጡልኝ” አሉ፤ ቆጮና አይብ በሳህን መጣላቸውና ሞተሩ ላይ እንደተቀመጡ በሉ። እኔን ብላ አላሉኝም፤ ረስተው ይሆናል፣ ወይም አንዳች ነገር ይዟቸው ይሆናል። ከዚያ ሽንት መጣባቸው። ትንሽ ተቁነጠነጡ። ወደ እኔ ዞሩ።

“ማርቆስ፣ ና አብረን እንሂድ።”

“እኔ አልመጣብኝም አባባ።”

“ቢሆንም ና።”

በሩን ቆልፈን ጎን ለጎን ሄድን። ሌላ ጊዜ ቢሆን ስቄ መሬት እወድቅ ነበር። ያን ቀን ግን ሳቁ ከውስጤ አልወጣም፤ ግድግዳውን እያየሁ ከአንድ ሽማግሌ ጎን ቆሜ፣ መሠረት አሁን ምን እያሰበች ይሆን እያልኩ ነበር።

ስንመለስ መኪናዋ ሞልታለች። አንጋጫን ስንጠጋ ዳገቱ ላይ ትንፋሿ ከበደ፤ ማርሽ ቀነስኩ። በመስታወት ያ ሰማያዊ ጭስ ተነሳ። ከኋላችን የነበረ የጭነት መኪና መብራቱን ደጋግሞ አበራብኝ፤ ሊያልፈን ጎን ሲደርስ ሾፌሩ አፍንጫውን ይዞ አሳየን። ጋሽ ሀንዲሶ አንገታቸውን በመስኮት አውጥተው ወደ ኋላ አዩ። ምን ያህል እንደታያቸው አላውቅም፤ ሽታው ግን ደርሷቸዋል። ወዲያው ዳሽቦርዱ ላይ ቀዩ የዘይት መብራት በራ።

ዳር ይዤ አጠፋሁ። ተሳፋሪዎቹ ወርደው ሣሩ ላይ ተቀመጡ። ጋሽ ሀንዲሶ ቋጠሮውን ራሳቸው ፈቱ፤ ጧት እንዳሰሩት ነበር። ወንበሩን አነሱ። መለኪያዋ ከቦታዋ ከፍ ብላ ቆማለች፣ ዙሪያዋ ወዝቷል። መዘዟት፣ ጠረጉ፣ ከተው እንደገና መዘዟት። ጫፏ ላይ እንኳ ዘይት የለም።

ልቤ ቀለል አለኝ። አንድ ቃል ብቻ ነበር የጠበቅሁት፤ “ይቅርታ” እንኳ አይደለም፣ “ለካ” ቢሉኝ ይበቃኝ ነበር።

“ገደልካት” አሉኝ።

“ምን አሉ አባባ?”

“ሞተሯን ገደልካት። እኔ ሳቆማት ደህና ነበረች። አንተ ነህ ፋሻዋን የጨረስከው።”

ፋሻ ማለት ፒስተኑ ላይ ያለው ቀለበት ነው፤ እሱ ሲያልቅ ዘይቱ እያለፈ ይቃጠላል፤ ሞተር ካልወረደ አይቀየርም። ሌብነቱ ቀረና ነፍስ ገዳይ ሆንኩ። መንገድ ዳር ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ከተሳፋሪዎቹ አንዷ ሴትዮ “ምነው ልጄ፣ አመመህ?” አለችኝ። “ደክሞኝ ነው” አልኳት። ከአንጋጫ በሞተር ሳይክል ዘይት አስመጥተን፣ ሞልተን፣ እንደ ሬሳ ሸኚ ቀስ እያልን ሆሳዕና ገባን። ቤት ስደርስ መሠረት ቀና ብላ አየችኝ፣ “እንዴት ዋላችሁ?” አለች፤ “ነገ ጋራዥ ነን” አልኳትና ወደ ግድግዳው ዞሬ ተኛሁ።

ማክሰኞ ጧት ሸምሱ ጋራዥ ሄድን። ሸምሱ ሱቅ ነጋዴ ከሆኑ የጉራጌ ቤተሰቦች የወጣ፣ ከንግዱ ይልቅ ግሪስ የወደደ ሰው ነው። ከጧት እስከ ማታ ይቀልዳል። ታሪኩን ሰማና ገና ኮፍያውን ሳያስተካክል ፈረደ።

“ፋሻ ነው። ሞተር ይወርዳል፣ ሌላ ወሬ የለውም።”

ጋሽ ሀንዲሶ አዩኝ። አላልኩህም? የሚል አስተያየት ነው።

“ሳትለካ?” አልኩት ሸምሱን።

“አንተ ደግሞ! ዘይት ከበላች ምን ልትሆን ነው፣ ወጥ አማራት?” ብሎ ሳቀ። ቢሆንም የግፊት መለኪያውን አመጣ። ከሲሊንደር ሲሊንደር እየሄደ ኮምፕሬሽኗን ለካ። ሲጀምር ያፏጭ ነበር፤ ኋላ ፉጨቱን ተወ። እንደገና ለካ።

“ምነው?” አሉት ጋሽ ሀንዲሶ።

“ጋሼ፣ ይሄ ለአሮጊት መጥፎ አይደለም። ፋሻ የጨረሰች ሞተር እንዲህ አታሳይም።” ራሱን አከከ። “እንግዲያው የቫልቮቹ ጎማ ነው። የሞተሩ ራስ፣ ቴስታታው፣ ይከፈታል።”

“አንዴ ፋሻ፣ አንዴ ቴስታታ!” አሉ ጋሽ ሀንዲሶ።

“ጋሼ፣ እኔ ነቢይ አይደለሁም፣ መካኒክ ነኝ።”

ሞተሯን አስነስቶ የዘይት መሙያውን ክዳን ላላ ሲያደርገው ክዳኑ ፉስ ብሎ ከእጁ ሊያመልጥ ደረሰ። ከውስጥ ትኩስ የዘይት እንፋሎት ተፋበት። ያኔ አብረን መለኪያዋን አየናት። ማንም ሳይነካት፣ ዓይናችን እያየ፣ ቀስ እያለች ከቦታዋ ከፍ አለች።

እኔ ለዚያች ዘንግ ስንት ምሽት እንደማልኩላት ታውቃላችሁ።

“ታፍናለች እኮ” አልኩ። “አየር የምታወጣበት የላትም?”

ሸምሱ ጎንበስ ብሎ ከሞተሩ ራስ ወደ አየር ማስገቢያው የምትሄደውን አጭር ጎማ በጣቱ ተከተለ። ሞተር በእሷ ነው የሚተነፍሰው። ማሰሪያዋን ፈታ፣ ጎማዋን ነቀለና አንዱን ጫፍ ወደ ብርሃኑ አዙሮ አየባት።

“አጃኢብ ነው” አለ።

በሹል ብረት ከውስጧ አንድ ነገር ጎትቶ አወጣ። ዘይት ጠጥቶ የጠቆረ፣ ተጠቅጥቆ የጠነከረ ውታፍ ነው። ናፍጣ ባለበት ጣሳ ውስጥ ነክሮ አጠበውና መዳፉ ላይ አስቀመጠው። ቃጫ ነበር። ተፈትሎ፣ ተጠቅልሎ፣ ጫፉ ላይ ደርቦ የተቋጠረ። ፍትሉ በግራ ይዞራል።

“ይሄን የደፈነ ሰው ሥራ ይችላል፣ ወላሂ!” ሸምሱ ከልቡ ሳቀ። “ጠብታ አያሳልፍም። ዘይት ሲወዛ አይቶ የሚፈስ መስሎት ነው የደፈነው። ሞተሩ ደግሞ ትንፋሹ ሲታፈን ዘይቱን እየገፋ ወደ ላይ ይሰደዋል፣ እዚያ ይነዳል። ዳገት ላይ ሲጨነቅ ደግሞ ይብስበታል። መለኪያዋንም ያነሳት እሱ ነው። ማን ነው ይሄ ጀግና?”

ጋሽ ሀንዲሶን አየኋቸው። ማየት አልነበረብኝም፣ ግን አየሁ። እጃቸው፣ ያ ትናንት ጧት ጭናቸው ላይ ቃጫ ያሸው ግራ እጃቸው፣ ከዘራውን ወደ ቀኙ አሳለፈ። ቀረብ ብለው ውታፉን ከሸምሱ መዳፍ አነሱት። ዓይናቸው ሥር አስጠጉት። በጣታቸው ፍትሉን ዳሰሱ፤ ለዚያ ዓይን አያስፈልጋቸውም።

“ላቆማት ስል ዘይት ይሸተናል ይል ነበር ተሳፋሪው” አሉ። ለማን እንደተናገሩ እንጃ። ድምፃቸው በጭንቅ ነው የተሰማው። ውታፉን ኮት ኪሳቸው ውስጥ ከተው ወደ በሩ ሄዱና ጀርባቸውን ሰጥተውን ቆሙ።

ሸምሱ አየኝ፣ እኔ ሸምሱን አየሁት። ገባው። ሳቁን ዋጠና ጎማዋን አጥቦ፣ ያረጀውን ማሰሪያ ቀይሮ ገጠመ። “ከእኔ ወሬ አይወጣም” አለኝ በሹክሹክታ። የዚያን ቀን ከሆሳዕና ወጣ ብለን ዳገት ላይ ሞከርናት፤ በመስታወት ያየሁት ከኋላችን ያለውን መንገድ ብቻ ነው። ለማታውቁት ልንገራችሁ፣ አሮጊት ናትና ዛሬም ትንሽ ዘይት ትቀምሳለች። ግን የሰው ትዳር እስኪፈርስ አትጠጣም።

ቤት ስንደርስ እትዬ ጸዳለ በር ላይ ነበሩ። መሠረት ከሰርቪስ ቤቱ ወጥታ ቆማለች።

“ተገኘ?” አሉ እትዬ ጸዳለ።

“ተገኘ” አሉ ጋሽ ሀንዲሶ። “አንዲት ጎማ ተደፍና ነበር።”

ተደፍና ነበር። ማን ደፈናት የለም፣ መቼ የለም። ቆሜ ጠበቅኋቸው፤ ዓይናቸው ከመሬት አልተነሳም። አንድ ቃል ከአፌ ቢወጣ የዚያ ሁሉ ምሽት ብድር ይመለስልኝ ነበር። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያልተናገርኩት ደግ ስለሆንኩ አይደለም። ያንን አንገት ሲደፋ ለማየት አቅም አልነበረኝም። ደክሞኝ ነበር።

“እኔማ አውቄ ነበር!” አሉ እትዬ ጸዳለ እጃቸውን እያጨበጨቡ። “ማርቆስ እንዲህ ያለ ነገር አያደርግም ብዬ ነበር!” ያን ቀን ሰፈሩ ሁሉ አውቆ ነበር። ዓይኑን ገለጥ አድርጎ ያየኝ ጎረቤት ሁሉ በተራ እየመጣ ትከሻዬን እየመታ “እኛማ እናውቅሃለን” አለኝ። በሚቀጥለው እሁድ የምስጋና ርዕስ ሆንኩ፤ “የተሰወረውን ስለገለጥህ” ተብሎ ተጸለየ፤ አሜን ተባለ፤ ያኔም በአማርኛ ነበር። ሁልጊዜ ጸሎቱን በመዝጊያ ቃል የሚፈጽሙት ጋሽ ሀንዲሶ ናቸው። ያን ቀን ተራቸው ሲደርስ “ዛሬ ሌላ ሰው ይዝጋ” አሉ። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ መለኪያዋን ለማየት ወጥተው አያውቁም፤ ስለ ቃጫውም እስከ ዛሬ አንስተውልኝ አያውቁም።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ቤታችሁ ውስጥ የሆነ ነገር ቢጎድልና ዓይናችሁ አንድ ሰው ላይ ቢያርፍ፣ ጠይቁት። ለጎረቤት፣ ለጸሎት ቤት፣ ለጌታም ከማሰማታችሁ በፊት ስሙን ጠርታችሁ ጠይቁት። ይቆጣ ይሆናል፣ ይከፋው ይሆናል፤ መልስ ግን ይሰጣል። እኔ ለዚያ ሁሉ አሜን የምሰጠው መልስ አልነበረኝም። ከዚያ ወዲህ “እኔማ አውቄ ነበር” የሚለኝን ሰው ፈገግ ብዬ አሳልፈዋለሁ፣ አላምነውም። እኔም ስለ ሰው እንዲህ ማለት ትቻለሁ።

የማክሰኞዋን ማታ ሳልነግራችሁ ግን አልጨርስም። ሰው ሁሉ ትከሻዬን መትቶ ከሄደ በኋላ ገብቼ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። መሠረት መስፊያዋ ላይ ነበረች፤ አትሰፋም፣ ጨርቁን ብቻ ይዛለች። እሷም “አውቄ ነበር” ብትለኝ ምን እንደማደርግ አስቤ ጨርሼ ነበር። ልብሴን ይዤ ወደ አንጋጫ ልሄድ ነበር።

“ማሬ” አለች፣ ቀና ብላ እያየችኝ። “እኔ አላወቅሁም ነበር። አላመንኩህም።”

ከዚያ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፤ ቀጥሎ ግን፣ አትፍረዱብኝ፣ ቁጭ እንዳልኩ እንቅልፍ ወሰደኝ።